ሥዕልን በስሪት አገሩ የሚመዝን ሂስ

በኪነ ጥበብ ሂሳችን ውስጥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሥር ሰድዶ የቆየ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም አንድ ሠዓሊ ባሕር ተሻግሮ፣ ትምህርት ቀስሞ፣ ብዙ አገር አይቶ ሲመለስ ከሥራው በፊት መንገዱን የመቁጠር ልማድ ነው። ከአድናቂዎቹ ወገን የሆነው ኀያሲ «ምሥራቅንና ምዕራብን ያዋሐደ ታላቅ ሠዓሊ» ብሎ ይጽፍለታል። ከነቃፊዎቹ ወገን የሆነው ደግሞ «የአገሩን ትቶ የባዕዱን ይዞ መጣ» ብሎ ይጽፍበታል። አንባቢ እነዚህን ሁለት ጸሐፊዎች እንደ ተቃራኒዎች ሊያያቸው ይችላል። በመሠረቱ ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ከየት መጣ?» የሚል። ልዩነታቸው አንደኛው በመልሱ መደሰቱ፣ ሁለተኛው በመልሱ መቆጣቱ ብቻ ነው። ሥዕሉ ግን በሁለቱም እጅ ሳይታይ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ጥያቄ ለሂስ የማይበቃ መሆኑን ማሳየት፣ ጉዳቱም በታላላቆቹ ሠዓሊያን ስም ላይ ሳይወሰን ዛሬ ብሩሽ በሚያነሡት ወጣቶች ላይ የሚደርስ መሆኑን ማስረዳት ነው።

«ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ መኖሩ አይካድም። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ አዳማና ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ወደ ሐዋሳ ከሚወርደው መንገድ በሚለይበት ከተማ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገኛል። ባሕር የሌላት አገር ወደቧን በየብስ ላይ የሠራችበት ሥፍራ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር በዚያ ይደረደራል። ትራንዚተሩ ሰነዱን ይዞ ይቆማል፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ዋጋውና የተሠራበት አገር ይሞላል፤ ፈታሹ ይፈትሻል፤ ቀረጡ ይሰላል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ይህ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው። መንግሥት ያለ እርሱ ገቢውን አይሰበስብም፤ ነጋዴም ያለ እርሱ ዕቃውን አያወጣም።

ነገር ግን ዲክላራሲዮን የሚናገረው በኮንቴይነሩ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራበት አይናገርም፤ እንዲናገርም አይጠበቅበትም። ብረቱ ድልድይ ይሁን ወኅኒ ቤት፣ ቀለሙ የሕፃናት መማሪያ ቤት ይቀባበት ወይም የመጠጥ ቤት፣ ለትራንዚተሩ ልዩነት የለውም። ለኀያሲ ግን ጉዳዩ ሁሉ ያ ነው። ሥዕልን ይዞ «ይህ መስመር ከፓሪስ፣ ይህ ዓይን ከብራና፣ ይህ ቀለም ከጀርመን» እያለ የሚዘረዝርና በዚያው የሚያቆም ጸሐፊ፣ የሂስን ብዕር ይዞ የትራንዚተርን ሥራ እየሠራ ነው። በዚያም ላይ ትራንዚተሩ ስለ ሥራው ደመወዝ የሚገባው ሲሆን፣ እርሱ ያለ አገልግሎት ምስጋና የሚጠብቅ ነው።

ነገሩ ያለ ምሳሌ እንዳይቀር አፈወርቅ ተክሌን እንውሰድ፤ «ምሥራቅንና ምዕራብን ያዋሐዱ» የሚለው ቅጽል እንደ እርሳቸው የተለጠፈበት ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የለምና። አፈወርቅ በ1932 በአንኮበር ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበለና ለንደን ውስጥ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ትርኢታቸውን ካቀረቡ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኢጣሊያ፣ በስፔይን፣ በፖርቱጋል፣ በፈረንሳይና በግሪክ ተዘዋወሩ፤ የመስታወት ሥዕልንም ጥበብ አጠኑ። በዚያው ጉዞ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች እየገለጡ ተመለከቱ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም እንዲል ይህ ጸሐፊ ይለምናል። የአንኮበሩ ልጅ የአባቶቹን የብራና ሥዕል አጥብቆ ያጠናው በአውሮፓ መዲናዎች ነው። እንግዲህ የቅጽሉ ደራሲዎች ይንገሩን፤ በቫቲካን ጠረጴዛ ላይ የተገለጠው የኢትዮጵያ ብራና በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ? «ምሥራቅ» ተብሎ ወይስ «ምዕራብ» ተብሎ? የስሪት አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ የተጫነበት ወደብ ግን ሌላ ነው። የሠዓሊው ጉዞ ሁለት ሩቅ ዓለሞችን ያገናኘ የሽማግሌ ጉዞ ሳይሆን፣ የተበተነ ቅርሱን ፍለጋ የወጣ ወራሽ ጉዞም ነበረ። «አዋሐደ» የሚለው ለስላሳ ቃል ይህን መራራ ታሪክ ሸፍኖታል።

ስለ ሥራቸውስ ምን እንላለን? በ1961 በተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑ ሦስት የመስታወት ሥዕሎች አሏቸው። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን የሚተርኩ ናቸው። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መሪዎቹ የተሰበሰቡት በዚያው አዳራሽ ነበር። የተለመደው ሂስ «የአውሮፓን የመስታወት ጥበብ ከአፍሪካ ይዘት ጋር አዋሐዱ» ብሎ ያልፋል። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፤ ባዶ ነው እንጂ። የመስታወት ሥዕል በአውሮፓ ካቴድራሎች ያደገው ብርሃን ከላይ በቅዱሳን በኩል ወደ ምእመናን እንዲወርድ ነበር። አፈወርቅ በቅዱሳኑ ቦታ በሰንሰለት የታሰሩትንና ችቦ ያነሡትን የአፍሪካ ሰዎች አቆሙ። ብርሃኑ በእነዚያ ሰዎች ገላ በኩል አልፎ ሰብሳቢዎቹ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ስለ አፍሪካ የሚናገር ባለሥልጣን ሁሉ በሕዝቡ መልክ የተቀለመ ብርሃን ለብሶ ይናገራል። የሠዓሊው ታላቅነት ያለው በዚህ ውሳኔ ውስጥ ነው። ውሳኔውን ደግሞ ከለንደንም ከአንኮበርም ይዘውት አልመጡም፤ ራሳቸው አሰቡት።

ድካማቸውም ቢሆን በስሪት አገር አይገለጽም። አንዳንድ ጊዜ የአፈወርቅ ሰዎች በመድረክ ላይ እንዳለ ተዋናይ ደረታቸውን ነፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ የሚሉትን ጮክ ብለው ይላሉ። በተመልካች ልብ ውስጥ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ አስቀድመው ራሳቸው ይጨርሱታል። ለቲያትር የሚጽፍ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ ገጸ ባሕሪ የደራሲውን ሐሳብ ማወጅ ሲጀምር ሕይወቱ ይቀንሳል። ይህ ነቀፌታ ስለ ሥዕሉ የቀረበ ነቀፌታ ነው፤ ሠዓሊው እንግሊዝ አገር መማራቸውን አይመለከትም። የውሕደት አወዳሾች ግን እንዲህ ያለ ነቀፌታ ማንሣት አይችሉም። ሁለቱ ወገኖች መቀላቀላቸውን ካረጋገጡ በኋላ የሚቀራቸው ሥራ የለምና።

ከዚህም ሌላ «ምሥራቅ» የሚለው ቃል ራሱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንዱ ጸሐፊ ምሥራቅ ሲል የቢዛንቲየምን፣ የግብጽንና የሶርያን ቤተ ክርስቲያን ማለቱ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደግሞ ምሥራቅ ማለት ሶሻሊስቱ ጎራ ነበር፤ ሠዓሊያኖቻችንም ለትምህርት ወደ ሞስኮና ወደ ሌኒንግራድ ሄደዋል። ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ ተምረው ተመልሰዋል። ዛሬ የገበያ ሴቶችን በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ እንዳሉ ቅዱሳን ቀጥ አድርገው ሲያቆሟቸው፣ ይህን የትኛው ምሥራቅ አስተማራቸው? የኔቫ ወንዝ ዳር ወይስ የወልድያ ቤተ ክርስቲያን? አንድ ቃል በየዐሥር ዓመቱ ትርጉሙን የሚለውጥ ከሆነ መመዘኛ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ነቃፊዎቹ እንለፍ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው ወደ ጀርመን ተሻግረው በኮሎኝ ከተማ ተማሩ። ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩና በ1960ዎቹ ሥራዎቻቸውን ሲያሳዩ፣ ረቂቅ ሥዕላቸው «የኛ አይደለም» ተባለ። «ጎልጎታ» የተባለውን ቀይ ሥዕላቸውን ያየ ሰው ደም እንጂ ጀርመን አይታየውም። ለነቃፊው ግን የታየው ጀርመን ነበር።

የሚያስገርመው ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ነበሩ። «ሀገሬ» የተባለው ግጥማቸው እስከ ዛሬ በየመድረኩ ይነበባል፤ የአገር ፍቅር ምሳሌ ተደርጎም ይጠቀሳል። ግጥሞቻቸው በቤት አመታታቸውም ሆነ በአሰነኛኘታቸው ከተለመደው መንገድ የወጡ፣ አዲስ ድምፅ ያላቸው ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ልብ፣ ብዕር ሲያነሣ አገር ወዳድ፣ ብሩሽ ሲያነሣ ባዕድ ሊሆን እንዴት ይችላል? ባሕርዩ አልተለወጠም። የተለወጠው የእኛ አመለካከት ነው። አማርኛን የምናነብበት ጆሮ አለን፤ ቀለምን የምናነብበት ዓይን ግን አላሠለጠንንም። ማንበብ ያልቻልነውን ሁሉ «የውጭ» ብለን መጥራት ደግሞ ድንቁርናን በአገር ፍቅር ስም መሸፈን ነው። ሠዓሊው በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ ሎውተን በተባለች ከተማ አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል የተከፈተው በ2008 ነው። ለ27 ዓመታት ያህል የዘገየ ነበር።

እስክንድር ቦጎስያን ደግሞ ከሁለቱም ወገን የተተኮሰባቸው ናቸው። በ1937 አዲስ አበባ ላይ፣ የአርመን ዘር ካላቸው አባት ተወለዱ። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄዱ፤ ከዚያም በፓሪስ ለዓመታት ኖሩ። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራቸውን ገዝቶ ከስብስቡ ውስጥ አስገባ። ከ1966 ጀምሮ በአዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት አስተማሩ፤ ቀጥሎም በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ አዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ ድረስ አስተምረው በ2003 ዓለፉ። የምዕራብ ጸሐፊዎች ከክሌ፣ ከላምና ከማታ ምን እንደ ወሰዱ ይቆጥራሉ። የእኛዎቹ ከክታብ ጥቅልና ከጥልሰም ምን እንደ ወሰዱ ይቆጥራሉ። ቆጠራው ቢደመር ግን «የሌሊት በረራ» የተባለው የ1964 ሥዕላቸው አይገኝም። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያንዣብቡት ባለ ክንፍ ፍጡራን ከፍርሃትና ከደስታ የተሠሩ ናቸው፤ የክታቡ ዓይን እንደሚጠብቅም እንደሚያስፈራም ሁሉ እነርሱም በአንድ ጊዜ ይጠብቃሉ፣ ያስፈራሉም። ክታብ በሽተኛው አንገት ላይ የሚሠራውን ሥራ ሸራው በተመልካቹ ላይ እንዲሠራ ማድረግ፣ የእስክንድር ግኝት ይህ ነበር።

«የኛ ንጹሕ ሥዕል» የሚሉ ወንድሞች ታሪካችንን ቢመረምሩ ይበጃቸው ነበር። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት መጥቶ ለብዙ ዘመናት ሠርቷል። እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ቢሥላት፣ ግራ የውርደት ወገን ነውና ታላቅ ቁጣ እንደ ተነሣበት ይተረካል። ከዚያ በኋላ የጀስዊት መነኮሳት ከሮም ያመጡት የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል አምሳል በየደብሩ ተባዛ፤ በዚያም ሕፃኑ በግራ ክንድ ነው። ዛሬ ይህን አሣሣል «ጥንታዊ ሥርዓታችን» ብለን እንሟገትለታለን። በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ለጎንደር ሠዓሊያን አርአያ ሆነዋል። የጎንደር ሠዓሊ ግን አልቀዳም። የኢጣሊያኑን ጥላና ርቀት ጣለ፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞረ፤ ዓይኑን አሰፋ፤ ልብሱን በአገሩ ቀለም ሞላ። የወሰደውን በወሰደበት መልክ አላስቀመጠውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ምሳሌ ኵርዓተ ርእሱ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነበር። ነገር ግን የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ መኳንንቱ በፊቱ ይማማሉ። በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በሲናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 በመቅደላ የእንግሊዝ ሙዚየም ሰው ወስዶት እስከ ዛሬ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ዕቃው በዲክላራሲዮን ቢመዘገብ «የስሪት አገር፤ አውሮፓ» ይባል ነበር። የደም ዋጋ የከፈለበት፣ የተቤዠው፣ ያለቀሰለት ግን ይህ ሕዝብ ነው። እንግዲህ የማን ነው?

የቲያትራችንም ነገር ከዚህ አይለይም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ» የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ትምህርታቸውን በሩሲያና በምዕራብ አውሮፓ የቀሰሙ ሰው ነበሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ሲተረጉሙ አማርኛችን ከበረ እንጂ አልደኸየም። ይህን በቲያትር የተቀበለ ሰው በሥዕል የሚቃወምበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጥያቄው በሚዛናዊነት እንኳ አይቀርብም። ቫን ጎኽ በ1887 የጃፓኑን የሂሮሺጌን ሥዕሎች ገልብጧል። ፒካሶ በ1907 የአፍሪካን ጭምብሎች ፓሪስ በሚገኝ ሙዚየም ተመልክቶ የዘመኑን ሥዕል መልክ ለውጧል። ማንም «ፒካሶ አውሮፓዊነቱን ለቀቀ» አይልም፤ «ምዕራብንና አፍሪካን ያዋሐደ» የሚለው ቅጽልም ስሙን ተከትሎት አይዞርም። ፒካሶ ፒካሶ ብቻ ነው። የሰነድ ማስረጃ የሚጠየቀው አፍሪካዊው ሠዓሊ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህን ፍተሻ እኛው በገዛ ወንድሞቻችን ላይ ማካሄዳችን ነው።

በተቃራኒው ወገን ያለውን ሥጋት ይህ ጸሐፊ አያቃልልም። ልውውጡ እኩል አይደለም። ወደ ሞጆ ከሚገባው ሙሉ ኮንቴይነር ጋር ወደ ውጭ የሚወጣው አይመጣጠንም፤ በባህልም እንደዚሁ ነው። ከውጭ መጽሔት ገልብጦ «ዘመናዊ ነኝ» የሚል ሠዓሊም አይጠፋም። ነገር ግን ግልባጭ መጥፎ የሚሆነው ከውጭ ስለ መጣ አይደለም፤ ሠዓሊው ምንም ስላልጨመረበት ነው። የላሊበላን መስቀልና የአክሱምን ሐውልት ለቱሪስት መቶ ጊዜ የሚገለብጥ ሰውም ያው ገልባጭ ነው፤ ስሪቱ የአገር ውስጥ ስለሆነ ብቻ ከነቀፌታ ሊያመልጥ አይገባውም።

ጉዳዩ የታላላቆች ስም ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ይህ ጸሐፊ ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንደኛው በተደረገ የወጣቶች የሥዕል ውድድር ከዳኞች ጋር ተቀምጦ ነበር። አንድ የሞጆ ወጣት በደረቁ ወደብ የተደረደሩትን ኮንቴይነሮች ሥሎ አቀረበ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ በላያቸው የባዕድ ፊደል፣ በሥራቸው ጥላ ውስጥ ሳፋ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ቆሎ ሻጭ። ከዳኞቹ ብዙዎቹ «ኢትዮጵያዊነቱ የታለ?» አሉ። «ይህች ሴት የማን ናት? ይህ ልጅ ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚያየው ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅም ድምፁ ተሸነፈ። ሽልማቱ ለሦስት ጎጆና ለአንድ ጀበና ተሰጠ። ጎጆና ጀበና ክፉ ሆነው አይደለም። ያ ወጣት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያየውን መሣል እንደማያሸልም ተማረ። የአንድ ሠዓሊ ዓይን የሚጠፋው በዚህ ዓይነት ነው።

ስለዚህ የሥነ ጥበብ ዳኞች፣ መምህራንና ኀያስያን የሚጠይቁትን ጥያቄ ይለውጡ። ሠዓሊው ከየትም ይውሰድ፤ በወሰደው ላይ ምን ሠራበት? ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው ቀድሞ ያላየውን ምን አየ? እነዚህ ጥያቄዎች ከስሪት አገር ጥያቄ ይከብዳሉ፤ በሸራው ፊት ረዘም ላለ ጊዜ መቆምን ይጠይቃሉና።

ለመቆም ደግሞ ሥዕሉ መገኘት አለበት። አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። የገብረ ክርስቶስ ማዕከልም አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከዚያም ይቀርባል፤ በ2020 ያረፉት ለማ ጉያ የፍየል ቆዳ ላይ የሣሏቸውን ሥዕሎች የያዘ ሙዚየም በቢሾፍቱ ትተውልናል። ቆዳ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ያደገ የሞጆ ልጅ፣ ያ ቆዳ ከጫማ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ ቢያይ ምን ያህል በተማረ! የትምህርት ቤቶች ኀላፊዎች ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ቀን ወደነዚህ ቦታዎች ቢወስዱ፣ አዳማም ለወጣት ሠዓሊያን ቋሚ የትርኢት አዳራሽ ቢኖራት፣ ከብዙ ሙገሳ ይበልጥ ነበር። የኮንቴይነሩን ሥዕል የሣለው ወጣትም ሥራውን የሚሰቅልበት ግድግዳ ያገኝ ነበር።